የዘመኑን ፊት ያነሣ ሰው፤ የአውጉስት ሳንደር ሕይወት

በመካከላችን ፎቶግራፍ ተነሥቶ የማያውቅ ተማሪ የለም። ለመታወቂያ ወረቀት፥ ለምዝገባ፥ ለፈተና እየተባለ በየጊዜው ከአንድ ነጭ መጋረጃ ፊት እንቀመጣለን። አንሺው አገጫችንን በጣቱ ቀና ያደርጋል፥ ትከሻችንን ያስተካክላል፥ አትሣቁ ይላል። ታጥቦ የሚወጣው ፊት ግን የማን እንደ ሆነ አንዳንድ ጊዜ እኛው ራሳችን እንጠራጠራለን። ከጓደኞቻችን አንዱ ሥዕሉን ተቀብሎ ሲያየው የሌላ ሰው የሰጡት መስሎት ሊመልስ ወደ ደጁ ተራምዶ ነበረ። እንግዲህ ሰው ፎቶግራፍ ሲነሣ ምኑ ነው የሚነሣው? ፊቱ ነው? ልብሱ ነው? ሥራው ነው? ወይስ አንሺው በልቡ የያዘው አሳብ ነው? ይህን ጥያቄ እንደ ትርፍ ነገር የሚቆጥሩት አሉ። እኛ ግን በዚህ ጥያቄ ስድሳ ዓመት ያህል የደከመ፥ ስለ እርሱም ብዙ ነገር ያጣ አንድ ጀርመናዊ ስላለ፥ የእርሱን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ልናወራ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አውጉስት ሳንደር በኖቬምበር 17 ቀን 1876 ዓ.ም. ከኮሎኝ ከተማ በስተ ምሥራቅ በምትገኝ ሄርዶርፍ በምትባል ትንሽ የማዕድን አገር ተወለደ። አባቱ በብረት ማዕድን ጉድጓድ የሚሠራ አናጢ ነበረ። ቤቱ ልጅ የሞላበት ስለ ነበረ አውጉስት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ወደ ማዕድኑ ሥራ ገባ። በዚያ ዘመንና በዚያ አገር የአናጢ ልጅ ከዚህ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አንድ ቀን ግን የማዕድኑን ቦታ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ከሌላ ከተማ መጣና ልጁ ዕቃ እንዲሸከምለትና መንገድ እንዲያሳየው ታዘዘ። አንሺው ባለ ሦስት እግር ሳጥኑን ተክሎ ልጁን ጥቁሩን ጨርቅ ለብሶ ወደ ውስጥ እንዲመለከት ፈቀደለት። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ኮረብታና ሰማይ በአንዲት ብርጭቆ ላይ ተገልብጦ፥ ደመናውም ሲሄድ ታየው። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ነገር አልፈለገም። አንድ ዘመዱ የመሣሪያ መግዣ ረዳው፤ ከአባቱም ጋራ በቤታቸው አጠገብ ጨለማ ክፍል ሠሩ።

በወታደርነት ያገለገለው በትሪር ከተማ ነው። በዚያም ሳለ በትርፍ ጊዜው ከአንድ ፎቶግራፍ ቤት ገብቶ ሙያውን ተማረ። ከዚያም እንደ ጀርመን የእጅ ሠራተኞች ልማድ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሲሠራ ቆይቶ፥ በ1901 ዓ.ም. በኦስትሪያ በሊንስ ከተማ ከአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። በሚከተለው ዓመት አና ዛይተንማኸር የምትባል ሴት አገባ። ጥቂት ቆይቶም የፎቶግራፍ ቤቱ ባለቤት ሆነ።

የዚያን ጊዜው ሳንደር ከሌሎች አንሺዎች የሚለይበት ነገር አልነበረም። በዘመኑ የፎቶግራፍ ክብር ሥዕልን በመምሰል ይለካ ነበረ። የተነሣውን በወፍራም ወረቀት ላይ በቀለምና በሙጫ እያጠቡ፥ ጠርዙን እያደበዘዙ፥ የፊት መጨማደድን በእርሳስ እየደመሰሱ በቀለም የተሣለ ማስመሰል እንደ ታላቅ ጥበብ ይቆጠር ነበረ። ሳንደርም በዚህ ሥራ ተሸልሟል። ደንበኞቹ ባለጸጎች ነበሩ። ባለጸጋም በሥዕሉ ላይ ከሆነው ይልቅ ሊሆን የሚመኘውን ማየት ይወዳል፤ በዚህ ረገድ ሊንስና የእኛ ከተሞች ብዙ አይራራቁም።

በ1910 ዓ.ም. ገደማ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ኮሎኝ መጣና ሊንደንታል በሚባለው ሰፈር ፎቶግራፍ ቤት ከፈተ። ነገር ግን ለአዲስ ከተማ እንግዳ ስለ ሆነ ደንበኛ አልበቃውም። ስለዚህ እሑድ እሑድ መሣሪያውን በብስክሌት ላይ ጭኖ ወደ ተወለደበት አካባቢ፥ ቬስተርቫልት ወደሚባለው ደጋ አገር፥ ገበሬዎችን ለማንሣት ይሄድ ጀመረ። ለዳቦ ሲል የጀመረው ይህ የእሑድ ጉዞ የሕይወቱ ሥራ መነሻ ሆነ። ገበሬው ሥዕሉን የሚፈልገው ከቤቱ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ነው። በቀለምና በሙጫ መደብዘዙን አይወድም፤ የእናቱ ፊት የእናቱ ፊት ሆኖ እንዲታይ ይሻል። ሳንደርም ከቤታቸው ደጃፍ ወይም ከማሳቸው ዳር ያቆማቸዋል፤ ወይም የእንጨት ወንበር አውጥተው የክት ልብሳቸውን ለብሰው እጃቸውን በጭናቸው ላይ አኑረው እንዲቀመጡ ይተዋቸዋል። አገጭ ማቅናት የለም። እንዴት እንደሚቆሙ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማስረዳት ይገባናል፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ ነው። ሳንደር እጅ በማይዘው ትልቅ ሳጥን፥ በመስተዋት ላይ ነበረ የሚያነሣው። ትንንሽ ፈጣን ካሜራዎች ከወጡና ሌሎች ሁሉ ወደ እነርሱ ከዞሩ በኋላም ይህን አልተወም። ከፊት እስከ ኋላ ሁሉ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሌንሱን ቀዳዳ ያጠብባል። ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃን ያንሳል፥ ብርሃን ሲያንስ ጊዜ ይረዝማል፤ የሚነሣውም ሰው ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። አንድ ሰው ለቅጽበት ፈገግ ማለት ይችላል፤ ለጥቂት ሰከንድ ግን አስመስሎ ፈገግ ሊል አይችልም። ፊቱ ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ይመለሳል። በሳንደር ሥዕሎች ላይ የሚሣቅ ሰው እምብዛም የማናይበት፥ ግን ሁሉም ቀጥ ብለው እኛን የሚያዩበት ምክንያት ከፊሉ ይህ ነው ብለን እናምናለን። እነርሱ የሚያዩን ይመስለናል እንጂ እኛ የምናያቸው አይመስለንም።

የፎቶግራፍ ሰዎች ሥራቸውን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ፖርትሬት ነው፤ ተነሺው ወድዶና ከፍሎ፥ ለራሱና ለዘመዱ የሚነሣው የፊት ሥዕል ነው። ሁለተኛው ዶኩመንታሪ ይባላል፤ ይህም አንሺው የነበረውን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ ለምስክርነት የሚያስቀምጠው ነው። አብዛኛው አንሺ ከሁለቱ አንዱን ይዞ ይኖራል። ሳንደር ግን የፊት ሥዕል ራሱ ምስክር እንዲሆን አደረገ፤ ይኸውም ሰውየውን ከመንገድ ሳይሰርቀው፥ ፊት ለፊት ቆሞ ፈቃዱን ጠይቆ ነው።

በ1911 ዓ.ም. ያነሣት አንዲት ሥዕል አለች። ሚስቱ አና መንታ ወልዳ ሁለቱን ሕፃናት በሁለት ክንዷ ይዛ ትታያለች። ከሁለቱ አንዷ በሕይወት ያለች ልጅ ናት፤ ሌላው የሞተ ነው። ስሟንም ሚስቴ በደስታና በኀዘን ብሎ ጠራት። ይህን ሥዕል በመጀመሪያ ያየን ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበረ። አንዳንዶቻችን ባል በዚያ ሰዓት መሣሪያ ማቆም አልነበረበትም አልን። ሌሎች ደግሞ በአገራችን ለቅሶ ቤት የሟች ሥዕል ተይዞ እንደሚለቀስ እያስታወሱ፥ ሰው ኀዘኑን የሚይዝበት ነገር ይፈልጋል፥ ሳንደር ደግሞ ከሳጥኑ በቀር ሌላ መያዣ አልነበረውም አሉ። ክርክሩ አልተፈታም። ሥዕሉን ግን የረሳው የለም።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀችው ሥዕሉ በ1914 ዓ.ም. የተነሣችው ናት። ሦስት ጎልማሶች ጥቁር ልብስ ለብሰው፥ ባርኔጣ ደፍተው፥ ከዘራ ይዘው በጭቃ መንገድ ላይ ሳሉ ወደ እኛ ዘወር ብለዋል። ወደ ጭፈራ እየሄዱ ነው። በኋላቸው ባዶ መስክ ብቻ አለ። የግራው ሲጋራ ይዟል፥ ባርኔጣውም ወደ ጎን አዘንብሏል። ሳንደር ይህችን ሥዕል ወጣት ገበሬዎች ብሎ ሰየማት። በዚያው ዓመት በኦገስት ታላቁ ጦርነት ተነሣ። እኛ ይህን ስለምናውቅ መንገዱ ወደ ጭፈራ የሚወስድ ሆኖ አይታየንም፤ እነርሱ ግን አላወቁም። በኋላ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች እንዳገኙት፥ ሦስቱ በብረት ማዕድን የሚሠሩ እንጂ ገበሬዎች አልነበሩም፤ ከመካከላቸውም አንዱ በጦርነቱ ሞተ። እንግዲህ የሥዕሉ ስም ተሳስቷል፤ ሥዕሉ ግን አልተሳሳተም። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሳንደር ራሱም ዘመተ፤ እስከ 1918 ዓ.ም. ድረስም ፎቶግራፍ ቤቱን ያቆየችው አና ናት። ሲመለስ ያገኛት ጀርመን ሌላ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ወርዷል፥ ገንዘቡ ወረቀት ሆኗል፥ እጅ የሌለውና እግር የሌለው ወታደር በየመንገዱ ይለምናል። በኮሎኝ ፍራንስ ዛይቨርት የሚባል ሠዓሊና ጓደኞቹ ጥበብ ለሠራተኛው ሕዝብ ይሁን የሚል ማኅበር ነበራቸው። ሳንደር ከእነርሱ ጋራ ወዳጅነት አደረገ፥ ማታ ማታም ይከራከር ነበረ። በዚህ ጊዜ የድሮዎቹን የገበሬ መስተዋቶች ከሣጥን አወጣና፥ በሙጫውና በቀለሙ ፈንታ የማሽን ሥዕል ለማጠብ በሚሠራበት ለስላሳና አንጸባራቂ ወረቀት ላይ አጠባቸው። የቁልፉ ቀዳዳ፥ የጥፍሩ ቆሻሻ፥ የዓይኑ ሥር መጨማደድ ሁሉ ወጣ።

ከዚያም ታላቁን አሳብ አሰበ። የዘመኑን የጀርመን ሕዝብ በሙሉ፥ ከገበሬው ጀምሮ እስከ ለማኙ፥ በፊት ሥዕል ለመመዝገብ ነው። ስሙንም የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አለው። በሰባት ክፍል አደላደለው፤ ገበሬው፥ የእጅ ባለሙያው፥ ሴቲቱ፥ የየመደቡና የየሥራው ሰው፥ የጥበብ ሰው፥ ታላቁ ከተማ፥ በመጨረሻም የኋለኞቹ ሰዎች፥ ማለት በሽተኞች፥ ዕውሮችና ሙታን። ከእነዚህም 45 ማኅደር እንዲወጣ፥ በእያንዳንዱም 12 ሥዕል እንዲኖር አሰበ። ማን አዘዘህ የሚለው አልነበረም፥ የሚከፍለውም አልነበረም። ቀን ለደንበኛ እየሠራ በትርፉ ይህን ያካሂድ ነበረ።

ከእነዚህ ጥቂቶቹን ማውሳት ደስ ይለናል። በ1928 ዓ.ም. የተነሣ አንድ ኬክ ሠሪ አለ። አናቱ መላጣ፥ ሰውነቱ ወፍራም፥ ነጭ ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ የወረደ፥ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ድስቱን እያማሰለ እንደ ጄኔራል ይመለከተናል። በዚያው ዓመት የተነሣው የግንበኛ ረዳት ደግሞ ወጣት ነው። በትከሻው ላይ በሳንቃ ጡብ ተሸክሟል፤ የጡቡ ክብደት በፊቱ ላይ የለም፥ ኩራት አለ። እንደዚሁ በ1928 ዓ.ም. አንድ ሥራ ያጣ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከመንገድ ማዕዘን ቆሟል። እርሱን ሥራ አጥ የሚያሰኘው ነገር ልብሱ አይደለም፤ እጆቹ ከባርኔጣው በቀር የሚይዙት ማጣታቸው ነው። በ1931 ዓ.ም. በኮሎኝ ራዲዮ ጣቢያ የምትሠራ ጸሐፊ ጸጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣ፥ ሲጋራ ይዛ ትታያለች። ከእነርሱም ጋራ ዳኛው፥ የባንክ ሰው፥ ቀሳውስቱ፥ የቦክስ ተጫዋቾቹ፥ ዕውራን ሕፃናቱ አሉ። ከባለጸጋውና ከለማኙ ሥዕል ሥር ብዙ ጊዜ የተጻፈው ሥራው ወይም ማዕርጉ ነው እንጂ ስሙ አይደለም፤ ብርሃኑና ርቀቱም ለሁለቱ እኩል ነው።

በ1927 ዓ.ም. ሥዕሎቹ በኮሎኝ ለሕዝብ ታዩ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ከእነዚህ 60ው ተመርጠው የዘመኑ ፊት በሚል ስም በመጽሐፍ ታተሙ። መቅድሙን የጻፈው ሐኪምና ደራሲ የነበረው አልፍሬድ ዶብሊን ነው። ቫልተር ቤንያሚን የተባለውም ሐያሲ በ1931 ዓ.ም. ስለ ፎቶግራፍ ሲጽፍ፥ መንግሥት ሲለዋወጥ የሰውን ፊት ማንበብ ለኑሮ የሚያስፈልግ ዕውቀት ስለሚሆን ይህ መጽሐፍ እንደ መልመጃ መጽሐፍ ሊያገለግል ይችላል አለ። ሁለቱም ጸሐፊዎች በ1933 ዓ.ም. ከጀርመን ለመሸሽ ተገደዱ።

አንዳንድ ሰዎች ሳንደርን ይነቅፋሉ፤ ነቀፌታውንም መደበቅ አይገባንም። ሰውን ያለ ስሙ፥ በሥራው ብቻ በማኅደር መክተት ሰውን እንደ ቢራቢሮ በመርፌ መውጋት ነው ይላሉ። ከላይ ያየናቸው ሦስቱ የማዕድን ሠራተኞች ገበሬዎች መባላቸውም ለነቃፊዎቹ ይረዳል። ከዚህም የከፋ አለ። በዚያ ዘመን በጀርመን የሰውን ፊት እየለኩና እያነሡ፥ ይህ ንጹሕ ዘር ነው፥ ይህ ርኩስ ዘር ነው የሚሉ መጻሕፍት ይታተሙ ነበረ፤ ከሩቅ ሲያዩት ሥራው የእነርሱን ይመስላል። እኛ ግን አንድ አይደለም እንላለን። የዘር መጻሕፍቱ አንድን ፊት ለማክበር ሌላውን ያዋርዱ ነበረ። ሳንደር ኬክ ሠሪውንም ለማኙንም በአንድ ዓይን ስላየ፥ በመጽሐፉ ውስጥ የጀርመን ፊት የሚባል አንድ ፊት አይገኝም። ያስጠላቸውም ይኸው ነው። በ1936 ዓ.ም. የናዚ መንግሥት ባለ ሥልጣኖች የመጽሐፉ ማተሚያ ቅርጽ እንዲጠፋ፥ የቀሩትም ቅጂዎች እንዲወረሱ አደረጉ።

ለመጽሐፉ መጥፋት ሌላም ምክንያት ነበረ፤ ይኸውም የበኵር ልጁ ኤሪኽ ነው። ኤሪኽ በ1903 ዓ.ም. ተወልዶ እንደ እኛ በዩኒቨርሲቲ የተማረ፥ ፍልስፍና የሚያጠና ወጣት ነበረ። ሂትለርን የሚቃወም የሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ አባል ስለ ነበረ በኮሎኝ በምስጢር ወረቀት ይበትን ነበረ። ወረቀቱ በቤታቸው በፎቶግራፍ ይባዛ ነበረና እናትና አባቱም ረዱት። ይህን መጽሔት በማባዣ መኪና ስናባዛ እጃችን በቀለም ሲጠቁር እናጉረመርማለን፤ ለእነርሱ ግን ያ ቀለም የሞት ምስክር ሊሆን ይችል ነበረ። ኤሪኽ በ1934 ዓ.ም. ተያዘ፤ 10 ዓመትም ተፈርዶበት በዚግቡርግ ወኅኒ ቤት ታሰረ። በወኅኒ ቤቱ ከአባቱ የተማረውን የፎቶግራፍ ሥራ እንዲሠራ አደረጉት፤ እርሱም ራሱንና አብረውት የታሰሩትን የፖለቲካ እስረኞች እያነሣ በምስጢር ወደ ወላጆቹ ይልክ ነበረ። ሳንደር እነዚህን የልጁን ሥዕሎች ተቀብሎ በታላቁ ሥራው ውስጥ አንድ ማኅደር አደረጋቸው።

አባትየው ከዚህ በኋላ በሰፊው የሚያነሣው የራይን ወንዝን ዳርቻና ኮረብታ ሆነ። ድንጋይ ዘር የለውም፥ ማንም አይከሰስበትም። የፊት ሥዕል ግን ፈጽሞ አልተወም። በ1938 ዓ.ም. ይሁዲዎች ሁሉ ፎቶግራፍ ያለበት ልዩ መታወቂያ እንዲይዙ በሕግ ታዘዘ። በኮሎኝ ያሉ አያሌ ይሁዲዎች በዚያው ዓመት ገደማ ከሳንደር ዘንድ መጥተው ተነሡ። መንግሥት የፈለገው የሚታደኑበትን ምልክት ነበረ። ሳንደር ግን ገበሬውንና ዳኛውን ባነሣበት ትዕግሥት፥ በመስኮት ብርሃን አጠገብ አስቀምጦ አነሣቸው። ሥዕሎቹም በኋላ የተሳደዱት በሚል ስም ከታላቁ ሥራ ውስጥ ገቡ። በዚያው ሥራ ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሱ ናዚዎችም አሉ፤ እነርሱም ደንበኞቹ ነበሩና። ይህን አይተን ግራ የተጋባን አለን። ልጁን ላሰሩት ሰዎች መሣሪያውን እንዴት አቆመ? አንዳንዶቻችን ፍርሃትና የዳቦ ነገር ነው እንላለን፤ ይህም ሐሰት አይመስለንም። ነገር ግን አሳዳጁም ተሳዳጁም በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን መቀመጣቸው፥ መዝገቡን በሚያገላብጥ ሰው ፊት ሌላ ነገር ይናገራል።

ኤሪኽ እስራቱን ሊፈጽም ጥቂት ወራት ሲቀሩት በማርች 1944 ዓ.ም. በወኅኒ ቤት ሞተ። ትርፍ አንጀቱ ታሞ ሳለ በጊዜው ሐኪም አልደረሰለትም። አባቱ ከልጁ ፊት በጄሶ የተወሰደውን ቅርጽ በፎቶግራፍ አነሣ። መንታዎቹን ካነሣ 33 ዓመት ሆኖት ነበረ። ያንንም ሥዕል ከታላቁ ሥራ በመጨረሻው ክፍል፥ ከሙታን ጋራ አገባው።

በዚያው ዓመት የኮሎኙ ፎቶግራፍ ቤት በአውሮፕላን ቦምብ ፈረሰ። ሳንደር አስቀድሞ 10,000 ያህል መስተዋቶችን በቬስተርቫልት ወደምትገኘው ኩኽሃውዘን ወደምትባል መንደር አሽሽቶ ነበረ። የቀሩት በኮሎኝ በአንድ ምድር ቤት ተቀምጠው ከቦምቡ ዳኑ። ነገር ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፥ በ1946 ዓ.ም. በምድር ቤቱ እሳት ተነሥቶ ከ25,000 የማያንሱ መስተዋቶች ተቃጠሉ። ያኔ ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ነበረ።

ሳንደር በዚያችው መንደር ተቀምጦ የተረፈውን እያጠበ፥ እያደለ፥ ማኅደሮቹን እንደገና እየሠራ ኖረ። ከጦርነቱ በፊት ያነሣቸውን የኮሎኝ ሥዕሎች የከተማው አስተዳደር ገዛው። ኤድዋርድ ስታይከን የተባለው አሜሪካዊ የፎቶግራፍ ሊቅ ደግሞ ቬስተርቫልት ድረስ መጥቶ ሥዕሎቹን ተመለከተ፤ ከእነርሱም ወስዶ በ1955 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ባቆመው ታላቅ የፎቶግራፍ ትርኢት ውስጥ አገባ። አና በ1957 ዓ.ም. አረፈች። ሳንደርም በአፕሪል 20 ቀን 1964 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በኮሎኝ ሞተ። ታላቁ ሥራ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ሳያይ ነው የሞተው። ልጁ ጉንተር በ1980 ዓ.ም. አሳተመው፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከ600 በላይ ሥዕሎች ያሉት በሰባት ቅጽ ወጣ። የመጀመሪያው ቅጽ በቬስተርቫልት ገበሬዎች ይከፈታል። በመጨረሻው ቅጽ፥ ዓይናቸውን ከጨፈኑት ሰዎች መካከል፥ የኤሪኽ ፊት አለ።